አያ ደሳለ የመረጡልኝ ትራክተር

ይህን የምጽፍላችሁ ቆሜ ነው። ወንበር ጠፍቶ አይደለም፤ ከሦስት ሳምንት በፊት ከገዛ ትራክተሬ ጋር ከእርከን ላይ ከወረድኩ ወዲህ መቀመጥ የሚባለው ነገር ለሌላ ሰው የተፈጠረ ስለሚመስለኝ ነው። ባለቤቴ ይታይሽ ሁለት ትራስ ደራርባ አመጣችልኝ፤ አልሆነም። ስለዚህ ወረቀቱን የመስኮቱ ደፍ ላይ አስቀምጬ፣ በአንድ ክርኔ ተደግፌ ነው የምጽፈው። ነገሬ ወደ አንድ ወገን ካዘነበለ ጥፋቱ የክርኔ ነው።

እኔ ገበሬ አይደለሁም። አይደለሁም ስል ደግሞ ሙሉ በሙሉ እውነት አይደለም። ላሊበላ ከተማ ውስጥ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ፤ ከገነተ ማርያም ወዲህ ደግሞ ከአባቴ የወረስኩት መሬት አለኝ። ታችኛው ሜዳ ነው። መካከለኛው እርከን ነው። ላይኛውን መሬት ከማለት ግድግዳ ማለት ይቀላል፤ እዚያ ላይ የቆመ ፍየል እንኳ አንድ ጊዜ ወደ ታች ሳያይ አያመሰኳም። ለተማሪዎቼ በየዓመቱ ቁልቁለት በካርታ ላይ እንዴት እንደሚለካ አስተምራለሁ። በሃያ ሁለት ዓመት የማስተማር ዘመኔ ግን የራሴን መሬት ለክቼው አላውቅም። መለካት እንደነበረብኝ ትዝ ያለኝ ትራክተሩ ከተገዛ በኋላ ነው።

መሬቱን የምናርሰው ከአያ ደሳለ ጋር በመቀናጆ ነበር። አያ ደሳለ ድንበርተኛዬ ናቸው። አባቴ በሕይወት እያለ ከእሱ ጋር ያርሱ ነበር፤ አባቴ ሲሞት እኔን ከነመሬቱ ወረሱኝ። እሳቸው ዳማ የሚባል አንድ በሬ አላቸው። እኔም ቡሬ የሚባል አንድ በሬ ነበረኝ። ሁለቱ አንድ ቀንበር ሥር እየገቡ አንድ ቀን የሳቸውን፣ አንድ ቀን የኔን ያርሳሉ። እርፉን የሚይዙት ግን ሁለቱንም ቀን እሳቸው ናቸው። እኔ ክፍለ ጊዜ በሌለኝ ቀን እየሄድኩ ድንጋይ እለቅማለሁ፤ ከድንጋዩ ጋር ትንሽ ምክርም እወረውራለሁ።

ሚያዝያ ላይ ቡሬ ገደል ገባ። አያ ደሳለ ሊነግሩኝ ከተማ ድረስ በእግራቸው መጡ። ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆባቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆመው አገኘኋቸው።

“መምህር፣ ቡሬ አርፏል” አሉኝ።

ሰው የሞተ ያህል ነው የነገሩኝ። እኔም የማደርገው ጠፍቶኝ “ነፍሱን ይማር” አልኩ። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ይህን ሰምቶ፣ ማን እንደሞተ ሳይጠይቅ ከተቀመጠበት ተነሳ።

እንግዲህ ጤነኛ ሰው ቢሆን በሬውን በበሬ ይተካ ነበር። እኔ ግን በዚያ ሰሞን ስልኬ ላይ አንድ ነገር አይቼ ነበር። ጥቁር መነጽር ያደረገ ሰውዬ ትንሽ ትራክተር ላይ ተቀምጦ፣ በአንድ ጣቱ እያዞረ፣ ሰፊ ማሳ እንደ ጋቢ ሲዘረጋው። ለይታይሽ አሳየኋት። እጇን እየጠረገች አየችው።

“አገሩ የት ነው?” አለችኝ።

“አገሩ ምን ያደርግልሻል? ትራክተሩን ተመልከቺ።”

“አይ፣ ከሰውየው ኋላ ተራራ አላየሁም ብዬ ነው።”

አዲስ የማይሞከር ስለሆነ ያገለገለ ፈልጌ እንደምገዛ ነገርኳት። ለማድ ቤቱ ጣራ ቆርቆሮ ልንገዛ ያስቀመጥነውን ነፍሱ ሳትወጣ ከታረደው ከቡሬ ሥጋ ሽያጭ ጋር አንድ ላይ ለማድረግ አሰብኩ። “ቆርቆሮው ለጊዜው ይቆይ” አልኳት።

“ክረምቱንም ይቆይ በለው እንግዲህ” አለችና ወጣች። በይታይሽ ቋንቋ ይህ ፈቃድ ነው።

ቀጥሎ ለአያ ደሳለ መንገር ነበረብኝ። አጥራቸው ሥር ተቀምጠው ጠፍር ሲያለፉ አገኘኋቸውና የሞተርን ጥቅም በሰፊው አስረዳኋቸው። እጃቸው ሥራውን አላቆመም። እስክጨርስ ጠበቁና “ታዲያ ዳማስ?” አሉኝ።

“ዳማማ ያርፋል” አልኳቸው።

ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የቡሬን ሞት ያረዱኝ በዚሁ ቃል መሆኑ ትዝ ያለኝ። አያ ደሳለ ወደ በረቱ አየት አደረጉ። ወደ ጠፍራቸው ተመለሱ። እኔም ሐሳቤን በደንብ ያላብራራሁ መስሎኝ የናፍጣን ነገር ጨመርኩላቸው።

መጀመሪያ የሄድኩት ወልድያ ነው። አንድ ደላላ አንገቱ ላይ ፎጣ ጠምጥሞ ከመናኸሪያ ተቀበለኝና ወደ አንድ ግቢ ወሰደኝ። ትራክተሩ አረንጓዴ ነው፤ ያበራል። ደገፍ ስለው መዳፌ አረንጓዴ ሆነ።

“ትናንት ታጥቦ ነው” አለኝ ደላላው።

ባለቤቱ የተከበሩ ሽማግሌ መሆናቸውን፣ ትራክተሩም ብዙ ያልሠራ፣ አብዛኛውን ጊዜ ቤተ ክርስቲያን ደርሶ የሚመለስ መሆኑን ነገረኝ።

“ትራክተር ቤተ ክርስቲያን ምን ይሠራል?”

“የዝክር እህል ያደርሳል” አለ፤ ዓይኑን እንኳ ሳያርገበግብ።

እንዲያስነሳው ጠየቅሁት። ሦስት ሰው ጠራ። ትራክተሩን ከግቢው አውጥተው ቁልቁል ገፉት፤ መንገዱ አጋማሽ ላይ ሲደርስ አስነጠሰና ተነሳ። “ቁልቁል ሲገፋ ወዲያው ነው የሚነሳው” አለኝ ደላላው በኩራት። ላፍርበት የሚገባ ነገር ነው፣ ግን ልንገራችሁ፤ ይህን እንደ ጉድለት አላየሁትም። እንዲያውም በልቤ “እኛ አገር ያለው ቁልቁለት ነው፤ ምን ችግር አለው?” ብዬ ልስማማ ምንም አልቀረኝም። ብቻ አንድ ነገር ከነከነኝና ጠየቅሁት።

“ታች ከደረሰ በኋላ እንዴት ነው ወደ ላይ የሚመለሰው?”

ደላላው ፎጣውን ፈታና ፊቱን ጠረገ። “እሱን እንግዲህ ገዢው ነው የሚያውቀው” አለ።

በማግሥቱ ቆቦ ወረድኩ። ቆቦ ስደርስ አንጀቴ ተቃጠለ። ሜዳ ነው፤ እግዜር መዳፉን አስደግፎ የደለደለው ሜዳ። ሐጂ ሰዒድ የሚባሉ አዛውንት ትራክተራቸውን ሊሸጡ እንደሆነ ሰምቼ ነበር። ቤታቸው ስደርስ ትራክተሩ ዳስ ሥር፣ ነጠላ በመሰለ ነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ ቆሟል። ጨርቁን ሲገልጡት ዝቅ ያለ፣ ደልደል ያለ፣ በአንድ ቁልፍ የሚነሳ። እድሜ ልኬን ስፈልገው የኖርኩ መሰለኝ። እኔ ስለ ትራክተሩ ልጠይቅ ተዘጋጅቼ ነበር፤ ጠያቂው ግን እሳቸው ሆኑ።

“መሬትህ እንዴት ያለ ነው ልጄ?”

“ትንሽ ያዘነብላል ሐጂ።”

“ትንሹን በእጅህ አሳየኝ እስቲ።”

መዳፌን ዘርግቼ ጥቂት አዘነበልኩት። ሐጂ ፊቴን አዩ፤ መዳፌን አዩ፤ ከዚያ በጣታቸው ጫፍ ያዙና ገፋ አደረጉት።

“እንዲህ ይሆናል?”

የዳሱን ጣራ አየሁ። ጨመር አደረጉት። ጫማዬን አየሁ። እጄ ሰላምታ የምሰጥ እስኪመስል ድረስ ቆሞ ቀረ።

“ወላሂ፣ ይሄ መሬት አይደለም፤ መሰላል ነው” አሉና ጨርቁን መልሰው አለበሱት። “አልሸጥልህም። ይሄ ትራክተር ላዩ ላይ ሰው ይዞ ነው የሚገለበጠው። ነገ አንድ ነገር ብትሆን አላህ ዘንድ የምጠየቀው እኔ ነኝ።”

ለመንኳቸው። ወደ ላይኛው መሬት እንደማልወስደው ማልኩላቸው። አላመኑኝም፤ ልክ ነበሩ። ምሳ አብልተው ሸኙኝ። በር ላይ ሲሰናበቱኝ “ባለሁለት ጎማውን ፈልግ፤ ቆመህ ከኋላ የምትይዘውን። እሱ እንኳ ሲወድቅ ትለቀዋለህ” አሉኝ። ትራክተር ፍለጋ ወጥቼ ከሰማሁት ምክር ሁሉ የሚረባው ይህ ነው። የረሳሁትም ይህንኑ ነው።

እቤት የደረስኩት አቧራ ለብሼ፣ ወገቤ ተቆርጦ ነው። ሳምንት ቆይቶ አንድ የፈረሰ የወጣቶች ማኅበር ሁለት ባለሁለት ጎማ ትራክተሮች እንደሚሸጥ ተወራ። ቦታው ከኛ የግማሽ ቀን መንገድ ነው። ይታይሽ “ብቻህን አትሄድም፤ አያ ደሳለን ይዘህ ሂድ” አለችኝ።

“እሳቸው ስለ ሞተር ምን ያውቃሉ?”

“ስለ ሻጭ ያውቃሉ።”

አያ ደሳለ ስጠይቃቸው ትንሽ አሰቡና “እሺ” አሉ። ልክ በሬ ልንገዛ ወደ ገበያ የምንሄድ ያህል ያንን የበዓል ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ዱላቸውን ይዘው መጡ።

ሁለቱ ትራክተሮች መጋዘን ውስጥ ጎን ለጎን ቆመዋል። አንዱ ቀይ ነው፤ አንዱ ሰማያዊ። የመጋዘኑ ጠባቂ ጨዋ ሰው ነው፤ የተጠየቀውን ብቻ ይመልሳል። አያ ደሳለ ሁለቱን እየዞሩ አዩ። ጎማቸውን በዱላ መታ መታ አደረጉ። ጎንበስ ብለው ሆዳቸውን ተመለከቱ።

“አፉ የቱ ነው?” አሉ።

ጠባቂው የናፍጣውን ክዳን ከፈተላቸው። አሸተቱት።

“ሲያርስ ይበላል?”

“ይበላል አባቴ።”

“ሳያርስ ሲቀርስ?”

“ሳይሠራማ አይበላም።”

አያ ደሳለ ቀና አሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ አክብሮት ፊታቸው ላይ አየሁ። “ሳይሠራ የማይበላ” አሉ በዝግታ፤ ከዚያም እኔን ከሚያስፈልገው በላይ ትንሽ ረዘም አድርገው አዩኝ።

ቀዩ ማኒቬላ በሚሉት የማስነሻ እጀታ በአንድ ዙር ተነሳ፤ የመጋዘኑ ቆርቆሮ ተንቀጠቀጠ። ሰማያዊው አራት ጊዜ ተዞረ፤ ሳል ሳል አለውና ተነሳ። እኔ ልቤ ወደ ቀዩ ሄደ። የናፍጣው ሽታ ራሴን ሲያዞረኝ ውሃ ልጠጣ ወጣ አልኩ። ስመለስ አያ ደሳለ ፈርደው ጠበቁኝ።

“ሰማያዊው ይሁን።”

“ቀዩ እኮ ጠንካራ ነው፤ ዋጋቸውም አንድ ነው።”

“ቀዩ ቁጡ ነው። ዓይኑን አላየኸውም?”

“ዓይን የለውም አያ ደሳለ።”

“መብራቱን ማለቴ ነው። አያስተማምንም።”

ጠባቂው አንድ ነገር ሊል አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው። እኔ ደግሞ እድሜ ልካቸውን በሬ ሲመርጡ የኖሩ ሰው ያዩት ነገር ቢኖር ነው ብዬ ተቀበልኩ። ሰማያዊውን ገዛን።

የጫንንበት አይሱዙ እስከ መንገዱ መጨረሻ አመጣልን። ከዚያ ወዲያ ያለው የእግር መንገድ ነው። ትራክተር ስገዛ ስለ ሁሉም ነገር አስቤ፣ ትራክተሩ እቤት እንዴት እንደሚደርስ አላሰብኩም። ሞተሩ ለመንገዱ ድንጋይ ገና እንግዳ ስለሆነ መንዳቱን ፈራን። በመጨረሻ የሰፈር ሰው ጠርተን ጎማዎቹን ፈታንና ሆዱን ቃሬዛ ላይ አስረን፣ ጨርቅ አልብሰን፣ ለስምንት ተሸከምነው። መንገድ ላይ የሚያገኘን ሁሉ ዱላውን አስቀምጦ ቆቡን ያወልቃል። አንዲት እንጨት የተሸከሙ እናት ሸክማቸውን ጥለው ማልቀስ ጀመሩ።

“ማን ነው? ማን ነው ያረፈው?”

“ትራክተር ነው እናቴ” አልኳቸው።

“የማን ልጅ?” አሉኝ እንባቸውን እየጠረጉ።

ካስረዳኋቸው በኋላም ማልቀስ አንዴ ስለጀመሩ ጥቂት ሸኙን።

በማግሥቱ ሚካኤል ነበር፤ እርሻ የለም። እኔ ደግሞ ቸኩያለሁ። መሪጌታችን ሲያልፉ አገኘኋቸውና በሬ እንጂ ትራክተር በበዓል እንዳይሠራ የሚከለክል ነገር አለ ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። “ትራክተሩስ ባይጠመቅ ነው፤ ምንም የለበትም” አሉኝ። “አንተ ግን ተጠምቀሃል።”

ሐሙስ ዕለት ታችኛውን ሜዳ አረስኩ። እውነቱን ለመናገር ያርሳል። ትልሙ ጥልቅ ነው፤ አፈሩ ይገለበጣል። ሰው ሁሉ ድንበር ላይ ተሰልፎ ያያል። አያ ደሳለ ዳማን ይዘው ዳር ቆመዋል። ሁለቱም እኔን ነው የሚያዩት። ከረፋዱ በፊት ሜዳውን ጨረስኩ። ያን ጊዜ ሞተሩን አጥፍቼ ቤቴ ብገባ ኖሮ ዛሬ ተቀምጬ በጻፍኩላችሁ ነበር። እኔ ግን ሰው እያየኝ ነው። መሪውን ወደ እርከኑ አዞርኩት።

የመጀመሪያውን ዳገት እየቃተተ ወጣ። እርከኑ ጫፍ ላይ ለመዞር ስሞክር አንዱ ጎማ ድንጋይ ረገጠና ነገርዬው ሁሉ ወደ ታች ዘመመ። የሐጂ ሰዒድ ምክር ልቀቀው ነው። እኔ ግን የይታይሽ ጣራ ነው ብዬ ጨበጥኩት። አብረን ወረድን። እኔ የሁለተኛው እርከን ድንጋይ ላይ ቁጭ አልኩ፤ እንዴት እንደተቀመጥኩ የማውቀው እኔ ነኝ። ትራክተሩ ግን አልቆመም። ያለ እኔ ቀጠለ፤ አያ ደሳለ ከምንጩ ውሃ እየቀዱ ያሳደጉት ጎመን ማሳ ውስጥ ገባና ከኔ ጋር ሆኖ ያላወጣውን ቀጥ ያለ ትልም ዳር እስከ ዳር አወጣ። ባሕር ዛፍ ነው የያዘው።

አያ ደሳለ መጀመሪያ ወደ ትራክተሩ ሄዱ። ሞተሩን መጋዘን ውስጥ ሲጠፋ እንዳዩት አጠፉት። ከዚያ መጥተው አጠገቤ ቆሙ። እኔ በሆዴ ተኝቻለሁ። ለጎመኑ ይቅርታ ልጠይቃቸው ስሞክር ቀደሙኝ።

“ጥፋቱ የኔ ነው መምህር” አሉ።

“እንዴት የርስዎ ይሆናል?”

“ቀዩ ቢሆን ይሄን እርከን ይወጣው ነበር። ሰውየው አንተ ውሃ ልትጠጣ ስትወጣ ነግሮኛል። ቀዩ ዳገት ያውቃል፤ ሰማያዊው የሜዳ ነው አለኝ።”

አንገቴን አቅንቼ አየኋቸው። ቀልድ አልነበረም።

“ታዲያ ለምን አያ ደሳለ?”

በዱላቸው መሬቱን ጫር ጫር አደረጉ። “ቀዩ ሜዳውንም ዳገቱንም ካረሰልህ እኔ ከዳማ ጋር ምን እሆናለሁ? አንድ በሬ ይዤ በዚህ እድሜ የማንን ደጅ ልጥና? ሜዳውን ይውሰድ፣ ዳገቱን ይተውልኝ፤ ለዳገቱ ስትል ለዳማ ጥንድ ትፈልጋለህ ብዬ ነው። አንተ ዳገቱን ትሞክረዋለህ ብዬ አላሰብኩም። አስተማሪ ነህ ብዬ።”

ልቆጣ ፈልጌ ነበር። ለመቆጣት መነሳት ያስፈልጋል፤ እኔ ደግሞ አልችልም። እዚያው ተጋድሜ ሳስበው፣ ከቡሬ ሞት ጀምሮ ለዚህ ሰው የናፍጣን ጥቅም፣ የጊዜን ዋጋ፣ የዘመናዊ እርሻን ነገር ስነግር ከረምኩ እንጂ “እርስዎስ እንዴት ይሆናሉ?” ብዬ አንድ ቀን አልጠየቅኋቸውም። እሳቸውም አልነገሩኝም። ሁለታችንም ለመናገር አፍረን ትራክተር ገዛን።

“ጎመኑስ?” አልኳቸው በመጨረሻ።

“ጎመኑ ቅጣቴ ነው” አሉና ብብቴን ይዘው አነሱኝ።

ቀዩ እስካሁን አልተሸጠም አሉ። ይታይሽ ሂድና ለውጠው አላለችኝም፤ እኔም አላሰብኩትም። በምትኩ ከወንዙ ማዶ ወዳሉት እመት ዘነቡ ሽማግሌ ሆነን ሄድን። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ አንድ በሬ ብቻ ቀርቷቸው የሚያቀናጁት አጥተው ነበር። የሦስታችንንም ሜዳ ትራክተሩ እንዲያርስ፣ የሦስታችንንም ዳገት የሳቸው በሬና ዳማ እንዲያርሱት ተስማማን። እመት ዘነቡ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበራቸው፤ “ትራክተሩ ጎመን ይወዳል የሚባለው እውነት ነው?”

ሰኞ ዕለት ሥራ ተጀመረ። እኔ ገና እያነከስኩ ስለነበር አያ ደሳለ “ለዛሬ እኔ ልያዝልህ” አሉና ማኒቬላውን አዞሩት። በሁለተኛው ተነሳ። ሜዳው ላይ አንዴ ሄደው ተመለሱ። ሁለቴ ሄደው ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ አልለቀቁትም። የኔን ጨረሱ፤ የራሳቸውን ጨረሱ፤ የእመት ዘነቡን ጨረሱ፤ አሁን ያልጠየቃቸውን ሰው ሜዳ እየዞሩ ያያሉ። ጠዋት ጠዋት ሞተሩን በጋቢያቸው ጫፍ ይወለውላሉ። ትናንት “ለአንተ እጅ አልለመደም፤ አስቸገርከው” ብለውኛል።

ዝናቡ ደግሞ እየቀረበ ነው፤ ዳገቱ አልታረሰም። ትምህርት ተዘግቷል፤ ሌላ ሰው የለም። ስለዚህ ዛሬ ጠዋት ሁለቱን በሬዎች ጠምጄ፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ እርፍ ጨብጬ፣ ላይኛው መሬቴ ላይ ቆምኩ። ትልሜ እባብ የሄደበት ይመስላል። ላቤ ዓይኔ ውስጥ ይገባል። ዳማ በየመሐሉ ዞር ብሎ ያየኛል። ከታች ከሜዳው የሞተሩ ድምፅ ቆመ። አያ ደሳለ እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው ወደ ላይ ሲመለከቱ አየሁ።

“መምህር፣ ዳማን አታስቸኩለው” አሉኝና ማኒቬላቸውን አዞሩ።